የዓባይ በረሃ መንገድ፦ የሰሜን ምዕራቡ አውራ ጎዳና ታሪክና አገልግሎት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ የወረደ መንገደኛ ጫንጮን፣ ሙከ ጡሪን፣ ፍቼንና ገርበ ጉራቻን እያለፈ 185 ኪሎ ሜትር ያህል በደጋው ሜዳ ላይ ይጓዛል። ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ግን ምድሩ ያልቃል። ከፊቱ የተከፈተው ሸለቆ ጥልቀቱ 1,450 ሜትር ግድም ሲሆን፣ ከታች ዓባይ በጭጋግ ውስጥ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል፤ በማዶ ደግሞ የደጀን አምባ በእጅ የሚነካ መስሎ ይቀርባል። በመንገድ ሲኬድ ግን ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጭነት መኪና ሾፌሮች ከመውረዳቸው በፊት እዚህ ቆመው ሻይ ይጠጣሉ፤ ረዳቱም ጎማውን በብረት እየመታ ይዞራል፤ ታኮውንም ከሚደርስበት ቦታ ያኖራል። በረሃው በማርሽ እንጂ በፍሬን እንደማይወረድ ማንም መምህር ሳይነግራቸው ያውቁታል።

የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች ስለ አንድ አውራ ጎዳና አመጣጥና አገልግሎት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ያለ ብዙ ማመንታት የመረጥሁት ይህንን መስመር ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ያለው ርቀት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ይሁን እንጂ የመስመሩ ዕድል ሁልጊዜ የሚወሰነው በእነዚሁ 40 ኪሎ ሜትሮች ላይ ነው። የቀረው 660 ኪሎ ሜትር ምንም ያህል ቢያምር፣ በረሃው የተዘጋ ዕለት ጎጃምና በጌምድር ከመሐል አገር ጋር የሚገናኙት በሩቅ ዙሪያ ነው። ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ ስለ ሜዳው ጥቂት፣ ስለ በረሃው ግን ብዙ ብናገር አንባቢ እንደማይታዘበኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

መኪና ከመምጣቱ በፊትም ቢሆን ዓባይ ያልተሻገሩት ወንዝ አልነበረም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከወንዙ በስተደቡብ በጉድሩ የአሰንዳቦ ገበያ፣ በስተሰሜን ደግሞ በጎጃም የባሶ ገበያ የሁለቱን ወገን ነጋዴ ያገናኙ ነበር። ከጊቤ አገሮች ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ፣ ያሳዝናል እንጂ ባሪያም ጭምር ወደ ሰሜን ሲያልፍ፣ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1830ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ጎጃም ሳለ ስለ ባሶ ንግድ ጽፏል። ሲራራው የሚንቀሳቀሰው በበጋ ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ መልካው ይዘጋል፤ ንግዱም እስከ መስከረም ማለፊያ ድረስ ይተኛል። በ17ኛው ምዕተ ዓመት የተሠሩት የጢስ ዓባይ አጠገቡ የአላታ ድልድይና በኋላ ቅስቱ ተቆርጦ ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገርበት የነበረው ሰባራ ድልድይ፣ ሁለቱም ያሉት ወንዙ በዓለት መካከል በሚጠብበት በላይኛው ወገን ነው። የዚያ ዘመን ግንበኛ ድልድዩን የሠራው ወንዙ በፈቀደለት ቦታ ነበር። መንገዱ በሚፈልገው ቦታ ላይ፣ ማለትም በሰፊው በረሃ ወለል ላይ ድልድይ ለመጣል የብረትና የሲሚንቶ ዘመን መምጣት ነበረበት።

የሲሚንቶው ዘመን የመጣው ከጠላት ጋር ነው። የኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በአምስቱ ዓመት ውስጥ ያወጣው የመንገድ ወጪ ከባድ ነበር። ስለ ጣርማ በር ዋሻና ስለ ደሴ መንገድ ብዙ ተጽፏል፤ የጎጃሙ መስመር ግን ብዙ አልተወራለትም። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል። የደሴው መንገድ ከምፅዋ ወደብ ጀምሮ የሚመጣ የቅኝ ግዛቱ የጀርባ አጥንት ሲሆን፣ የጎጃሙ መንገድ የተፈለገው ለጦር ሰፈር ስንቅና ጥይት ማመላለሻ ነበር። ጎጃም ደግሞ አርበኛው ያልተኛበት አገር ስለሆነ መንገዱ የሚሠራው በጠመንጃ ጥበቃ ሥር ነበር። እንዲህ ያለ መንገድ የሚነደፈው ለቶሎ መድረስ ነው። የተዳፋቱን ጠባይ ለማጥናት፣ ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ለሁለት ሦስት ክረምት ለማየት ጊዜ አይገኝም። በኋላ የመጣነው መሐንዲሶች በብዙ ቦታ የወረስነው ያንን የችኮላ መስመር ነው፤ አንድ ጊዜ የተቆረጠ ተዳፋት ደግሞ እንዳልተቆረጠ ሊሆን አይችልም።

በ1933 ዓ.ም መጋቢት ላይ የደብረ ማርቆሱን ጦር ይመራ የነበረው ኮሎኔል ማራቬንታኖ ከተማውን ለቅቆ በሸፋርታክ በኩል ዓባይን ሲሻገር ድልድዩን ከኋላው አፍርሶ ሄደ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገብተው፣ ከዚያም በዚሁ በበረሃው መስመር ወደ ፍቼ ተሻግረው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ነፃነት የተመለሰበት መንገድ ድልድዩ የፈረሰ መንገድ ነበር ማለት ነው።

አዲሱ ድልድይ የተጠናቀቀው በ1940 ዓ.ም ገደማ ነው። ርዝመቱ 200 ሜትር ያህል የሆነ የአርማታ ቅስት ድልድይ ሲሆን፣ ቅስቱ ከሁለቱ ዳር ዓለት ተነሥቶ ወንዙን በአንድ እርምጃ ይዘልለዋል። ብዙዎቻችን ያደግነው በዚህ ድልድይ ላይ ስንደርስ ከአውቶቡሱ መስኮት አንገታችንን እያወጣን፣ ካሜራ አውጥቶ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል እንደሆነ እየተነገረን ነው። ቅስቱ ስለ ውበቱ የሚገባውን ያህል እንዳልተመሰገነ አምናለሁ። ሸክሙን በሙሉ በግፊት ወደ ዓለቱ ስለሚያስተላልፍ በዘመኑ ውድ የነበረውን ብረት ቆጥቧል፤ የጎርፉንም ውኃ በመካከል ምሰሶ አላስቸገረውም። የተነደፈው ግን ለዘመኑ ካሚዮን ነበር። በኋላ ኤን ትሬው፣ ከዚያም ተሳቢ የሚጎትተው ከባድ መኪና ሲመጣ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ከባድ መኪኖች ወረፋ ይዘው አንድ በአንድ እንዲያልፉ ተገድደዋል። ለ60 ዓመት ያህል የሰሜን ምዕራቡ ንግድ በሙሉ ያለፈው በዚህ አንድ ቅስት ላይ ነው።

መንገዱ ባለቤት ያገኘው ከድልድዩ በኋላ ነው። በ1943 ዓ.ም መስከረም ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተፈራረመች፤ በዚያው ዓመትም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በጊዜው የነበረው የመንገድ ርዝመት 6,400 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አብዛኛው ከአምስቱ ዓመት የተረፈና ጥገና አጥቶ የፈራረሰ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ስሙን ብዙ ጊዜ ቢለውጥም፣ ሕዝቡ ግን ዛሬም ድረስ ግሬደርና ሮለር ሲያይ «አውራ ጎዳና መጣ» ነው የሚለው። ከዚህ ስም ጋር ያያዝነው አንድ ጥሩ ልማድ ነበር፤ በየመስመሩ በየተወሰነ ርቀት የሚሰፍር፣ መንገዱን እንደ ግቢው የሚያውቅ የጥገና ሠራተኛ። ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እመለሳለሁ።

መስመሩ ለአገሩ ምን አደረገ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በደጀንና በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገበያዎች ይገኛል። ጎጃም ትርፍ አምራች አገር ነው። ጤፉ፣ ኑጉና በቆሎው ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው በዚህ በረሃ ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም፣ ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም ሥራ ሲጀምሩ፣ መሣሪያውም ተማሪውም በአብዛኛው የመጣው በዚሁ መስመር ነው። ዕቃው ወደ ላይ ሲሄድ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ከጅቡቲ ወደብ የሚራገፈው ማዳበሪያ ደጀን ደርሶ ለገበሬው መከፋፈል ያለበት በግንቦትና በሰኔ ነው። በቆሎ ዘሩን የሚፈልገው በዚያን ጊዜ ነው፤ ጤፍም ብዙ አይዘገይም። መንገዱ በጣም የሚያስፈልገን በረሃው መንሸራተት በሚጀምርበት ወር ነው ማለት ነው። በአገራችን ካሉት አውራ ጎዳናዎች መካከል የአገልግሎቱ ወቅትና የአደጋው ወቅት እንዲህ የተገጣጠሙበት ሌላ መስመር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በዚህ በረሃ ላይ የሚሠራውን የተፈጥሮ ኀይል ለማየት ጥቂት ሂሳብ ይበቃል። ጠቅላላ ክብደቱ 40 ቶን የሆነ መኪና ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ 1,450 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 570 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ ይህም 16 ሊትር ናፍታ ሲነድ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር ይተካከላል። ከመኪናው ሞተር ማገቻ፣ ከአየሩና ከመንገዱ መጎተት የተረፈው ሙቀት የሚሄደው ወደ ፍሬን ሸራው ነው። አማካይ ቁልቁለቱ 7 በመቶ ያህል ነው፤ ይህም ለአንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን የሚቻል ነበር፤ ለ20 ኪሎ ሜትር ሲቀጥል ግን ያለ ማርሽ የወረደ ሾፌር ፍልቅልቅ ሳይደርስ ጭሱን ያሸታል። ወደ ላይም ቢሆን ዳገቱ የራሱን ዋጋ ያስከፍላል፤ የተጫነ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ሲወጣ፣ በበረሃው ሙቀት የለሰለሰው አስፋልት በጎማው ሥር ወደ ኋላ እየተገፋ ይሸበሸባል። ከኩራር በላይ በዳገቱ ወገን ብቻ የሚታየው የአስፋልት መሸብሸብ ምንጩ ይኸው ነው።

ከመኪናው ይልቅ ግን የሚከብደው ምድሩ ነው። በረሃውን የሚወርድ ሰው የአገሩን የጂኦሎጂ መጽሐፍ ገጽ በገጽ እየገለጠ ይወርዳል። ከላይ ጥቁሩ የባዛልት ዓለት አለ፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋዩ፤ ቀጥሎ ጂፕሰምና የሸክላ ድንጋይ እየተፈራረቁ የተነጠፉበት፣ በጂኦሎጂስቶች ዘንድ በከተማዪቱ ስም የጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን የሚባለው ክፍል፤ ከወንዙ አጠገብ ደግሞ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ። ከላይ ያሉት ዓለቶች ስንጥቅ ስላላቸው የክረምቱን ዝናብ ወደ ውስጥ ያስገባሉ፤ ከታች ያለው የሸክላ ድንጋይ ግን ውኃ አያሳልፍም፤ ይረጥባል፣ ይለሰልሳል፣ ያዳልጣል። ጂፕሰሙም በውኃ ይሟሟል። በዚህ ሁሉ ላይ ለዘመናት ከገደሉ እየተናደ የተከማቸው ልቅ አፈርና ቋጥኝ ተጭኗል። መንገዳችን በብዙ ቦታ የተቆረጠው በዚህ ልቅ ክምር ውስጥ ነው። ስለዚህ በረሃው ላይ መንገዱ ሲሰነጠቅ የታመመው አስፋልቱ ነው ብሎ የሚያስብ መሐንዲስ ራሱን ያታልላል። የሚንቀሳቀሰው ተራራው ነው፤ መንገዱ በላዩ ተጭኖ ይሄዳል።

ይህን የምጽፈው ከሌላው በልጬ አይደለም። ከተመረቅሁ ብዙ ዓመት ሳይሆነኝ አንድ መሥሪያ ቤት ወደ በረሃው ልኮኝ ነበር። ከኩራር በላይ አንድ ኩርባ ላይ በመንገዱ የውጭ ጠርዝ እንደ ማጭድ የጎበጠ ስንጥቅ አገኘሁ። ችካል ተክዬ፣ ቀለም ቀብቼ በየሳምንቱ ለካሁት፤ ይሰፋ ነበር። ከመንገዱ በላይ ያለው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ በድንጋይና በሣር ተደፍኖ ውኃው በሙሉ ወደ ተዳፋቱ ሆድ ይገባ ነበር። ቦዩ እንዲጠረግ፣ ከሥሩም ጥልቅ የማንጠፊያ ቦይ እንዲቆፈር ጽፌ አቀረብሁ። የተሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፤ የዓመቱ በጀት የተፈቀደው «ለንጣፍ ጥገና» ስለሆነ ሪፖርቱ በዚያ አርእስት ይስተካከል ተባልሁ። አስተካከልሁት። ስንጥቁ በሬንጅ ተሞላ፤ በላዩም አዲስ አስፋልት ተነጠፈ፤ እኔም ሥራው በደንቡ መሠረት መጠናቀቁን ፈረምሁ። ሐምሌ ሳያልቅ ጠርዙ ከነአዲሱ አስፋልት ወረደ። ሰው አልሞተም። ነገር ግን መኪኖቹ በቀረው ግማሽ መንገድ በየተራ እስኪያልፉ ድረስ ማዳበሪያ የጫኑት ተሳቢዎች በዝናብ ሸራቸውን እያጠባበቁ ተሰልፈው አደሩ። ከሾፌሮቹ አንዱ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ባርኔጣዬን አይተው «ልጄ፣ ይኸን አስፋልት ባለፈው ወር አይደለም እንዴ ያነጠፋችሁት?» አሉኝ። አዎን ብዬ ዝም አልሁ።

ከዚያ በፊት መስመሩ ትልቅ ተሐድሶ አግኝቶ ነበር። በ1989 ዓ.ም የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የአገሪቱ መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ የሚገኘው 22 በመቶው ብቻ ነበር። የመንገድ ፈንድም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። የጃፓን መንግሥት በሰጠው እርዳታ ካጂማ የተባለው የጃፓን ተቋራጭ በመጀመሪያ ከአዲስ አበባ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን፣ ቀጥሎም የበረሃውን ክፍል እንደገና ሠራ። ከአሮጌው ቅስት ጎን የቆመው የሕዳሴ ድልድይ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም መጨረሻ ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 303 ሜትር፣ የመካከሉ ክፍል 145 ሜትር ሲሆን፣ ከአጫጭር ምሰሶዎች የሚወርዱት ኬብሎች ከአርማታው ጋር ሸክሙን ይጋራሉ። በአሠራሩ የተዋጣ ድልድይ ነው፤ ወረፋውንም አስቀርቷል። ሆኖም ከድልድዩ ግራና ቀኝ ያለው ተዳፋት አዲስ ድልድይ ስለ ተሠራ አልቆመም። የመሬት መንሸራተቱ በመቀጠሉ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲና የኢትዮጵያ ጂኦሎጂ ሰርቬይ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በበረሃው ላይ የመንሸራተት መከላከያ ጥናት አካሂደዋል። ከምድሩ ውስጥ የሚለካ መሣሪያ ተተክሎ የተራራው ጉዞ በሚሊ ሜትር የተቆጠረው ያን ጊዜ ነው። ከ60 ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ መሆኑ ያስቆጫል፤ ዘግይቶም ቢሆን መለካቱ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ስለ አገልግሎቱ ብቃት ሲነሣ የጭነቱን ጉዳይ ማለፍ አይቻልም። ከ1951 እስከ 1953 ዓ.ም በአሜሪካ በኢሊኖይ በተደረገው የመንገድ ፈተና እንደታወቀው፣ አንድ አክስል በንጣፉ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በክብደቱ አራተኛ ኀይል ያድጋል። ለ10 ቶን በታሰበ ንጣፍ ላይ 13 ቶን የሚጭን አክስል የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ተኩልም ሁለትም እጥፍ ሳይሆን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በዳገቱ ላይ መኪናው ስለሚዘገይ ጭነቱ ንጣፉን የሚጫነው ረዘም ላለ ጊዜ ነው፤ ጉዳቱም ከዚህ ይብሳል። ሚዛን ጣቢያ ገንዘብ መሰብሰቢያ ሳይሆን የንጣፍ ዕድሜ ማስጠበቂያ መሆኑን ለጭነት ባለንብረቶች በዚህ ሂሳብ ማስረዳት የእኛ ድርሻ ይመስለኛል፤ እኔ የሞከርኋቸው ጥቂቶቹ ቁጥሩን ሲያዩ ገብቷቸዋል።

ሌላው መለኪያ አማራጭ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም በቻይና እርዳታ የተሠራው የወልድያ ወረታ መንገድ፣ እንዲሁም ከነቀምት ቡሬ የሚሻገረው መስመር ባይኖሩ ኖሮ የበረሃው መዘጋት የከፋ ይሆን ነበር። ሁለቱም ግን በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጨምራሉ። የባሕር ዳሩ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ የዓባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም ሥራ መጀመሩም ከተማዪቱንና ወደ ጎንደርና መተማ የሚሄደውን ትራፊክ አቅልሏል፤ በረሃውን ግን አይተካም። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭትና በመስመሩ ላይ በደረሰው የጸጥታ መጓደል ደግሞ መንገዱ ሳይሰበር የሚቋረጥበት ጊዜ ታይቷል። መንገደኛ በታገተበት መስመር ላይ ስለ ንጣፍ ልስላሴ መናገር ለሰሚው ቅንጦት ሊመስለው እንደሚችል አውቃለሁ። መሐንዲስ ሊጠግነው የማይችለው መንገድም አለ።

ልንጠግነው የምንችለው ግን ቦዩ ነው። ቀደም ሲል እመለስበታለሁ ያልሁትም ይህንን ነው። ተዳፋቱ የተናደበት የዚያን ክረምት ማብቂያ ወደ ኩራር ስመለስ አንድ አዛውንት የቀን ሠራተኛ አካፋቸውን ይዘው ከመንገዱ በላይ ሲወጡ አገኘኋቸው። ቀድሞ በጥገና ካምፕ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር፤ ካምፑ ሲታጠፍ ከሥራ ወጥተው አሁን ለተቋራጭ በቀን ሂሳብ ይሠራሉ። ተከተልኋቸው። የተደፈነው ቦይ ካለበት ሃምሳ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ እኔ በካርታዬ ላይ ያልመዘገብሁት፣ በድንጋይ የተነጠፈ ሌላ አሮጌ ቦይ ነበር። ሣሩን በአካፋቸው ገለጥ አድርገው የት ገብቶ የት እንደሚወጣ አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ተዳፋት በሄድሁ ቁጥር መጀመሪያ የምወጣው ወደዚያ ነው።